ወገዳ ላይ ሞተሩ አልነሳም ያለበት ጠዋት

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና መጠጥ ሲል፣ ወገዳ ከተማ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ሞተር ሳይክል አልነሳም ሲል አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አይቻለሁ። ቆሜ አይቻለሁ ስል ራሴን ለማዳን ነው። እጄን አስገብቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆላ በወረደች አንዲት ቀበሌ ከብት በአባ ሰንጋ መሞት ጀምሯል። የእንስሳት ሐኪሟ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ ልትወርድ፣ እኔም ከኋላዋ ተፈናጥጬ ልዘግብ ተነጋግረናል። ገበሬዎቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከብቶቻቸውን ሜዳ ላይ ሰብስበው እንዲጠብቁ ተነግሯቸዋል። ወደዚያ መኪና አይወርድም። በሞተር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

«በረዶው እስከ ዐሥር ሰዓት ቢቆይ ነው» አለችኝ ሐኪሟ ሣጥኑን እያሰረች። «ከዚያ በኋላ ክትባቱ ውኃ ነው።»

ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚነድ፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራ። ከሰኔ ጀምሮ ምርጥ ዘር መጋዘን ውስጥ፣ በገብስና በስንዴ ጆንያ መሐል ተቆልፎበት ከርሟል። የሰኔ ጭቃ ከላዩ ላይ እንደ ደረቀ ነው።

ሐኪሟ መርገጫውን ረገጠች። ሞተሩ አንዴ ቱፍ አለና ዝም አለ። ደገመች። ዝም። ሦስተኛውን ልትረግጥ ስትል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከቢሮው ወጣ።

«ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄ ጉልበት ይፈልጋል» አለ ኮቱን እያወለቀ።

ሐኪሟ ይህን ሞተር ሦስት ዓመት ነድታዋለች። ኃላፊው ሞተር ነድቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ወረደችለት። ኃላፊው በቆዳ ጫማው ረገጠ፤ መርገጫው ተፈናጥሮ ቅልጥሙን መታው። ቅልጥሙን እያሻሸ ወደ ጎን ሆነ።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። በዚህ ጊዜ ቀና አሉና «ልጆች፣ እኔ እኮ ሰኔ ላይ...» አሉ።

«አባባ፣ እስቲ ጨርቅ ያምጡልን» አለ ኃላፊው። በአክብሮት ነው ያለው። ሽማግሌው ዳዊታቸውን አጥፈው ጨርቅ ሊያመጡ ሄዱ።

ጩኸቱን ሰምቶ አንድ የባጃጅ ሹፌር ገባ። ማንም አልጠራውም፤ ግን እንደተጠራ ሰው ነው የገባው። ካንዴላውን ፈትቶ አሸተተ። እርጥብ ነው። በጨርቁ ጠርጎ ብረቱ ላይ አስደገፈና ሐኪሟን «ርገጪ» አላት። ሰማያዊ ብልጭታ ታየ።

«ይኸው! እሳት አለው!»

«ታዲያ ለምን አይነሳም?» አለች ሐኪሟ።

«እሳትማ አለው።»

«እሱን አየነው። ለምን አይነሳም ነው የምልህ።»

«እህቴ፣ እኔ እሳቱን ነው የማውቀው። የቀረውን እሱ ባለቤቱ ይወቅ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ወጣት ሳለሁ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበረኝ፤ ደግሞም ነገርን በሥርዓት ማጣራት ሥራዬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር» ብዬ ጻፍኩ። ሞተር ከእነዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም ብዬ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳሁ። ካንዴላው ስለረጠበ ነዳጅ ይደርሳል፤ ምልክት አደረግሁ። እሳት አይተናል፤ ምልክት። የቀረው አየር ነው። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ስንከፍት ከውስጡ አንድ እፍኝ የገብስ ገለባ ወጣ።

«አይጥ!» አለ ሹፌሩ።

«አይጥ!» አለ ኃላፊውም፤ እሱ እንዳገኘው ሁሉ። «ፎቶ አንሳው፤ ለሪፖርት ይሆናል።»

አነሳሁት። ፎቶው እስካሁን አለኝ፤ ሦስት ጎልማሳ ሰዎች አንድ እፍኝ ገለባ ከበው ይስቃሉ። ማጣሪያውን አጠብን፣ አደረቅን፣ መለስን። ደብተሬ ላይ ሦስተኛውን ምልክት አደረግሁ። ሐኪሟ ረገጠች። ቱፍ። ዝም።

«በዚያ በኩል እንኳ...» አሉ ዘበኛው።

«አባባ፣ በሩን ይክፈቱልን፤ ገፍተን እናስነሳዋለን» አለ ኃላፊው።

በሩ ተከፈተ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከተሰበሰበው ሰው አንዱን ጨምረን አራት ሆነን ገፋነው፤ ሐኪሟ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ አንዴ ቱፍ አለ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ደርሰን ቆምን። ያን ጊዜ የገባን፣ አሁን ዳገቱን ይዘነው መውጣት እንዳለብን ነው። ይዘነው ወጣን። እንደገና ይዘነው ወረድን፤ ሹፌሩ «አሁን ሞቋል» ስላለን። አልሞቀም ነበር። የሞቅነው እኛ ነን።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ለሐኪሟ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ገበሬዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ከብቱ ውኃ አልጠጣም። ኃላፊው ለዞን ደብዳቤ ጽፎ ቴክኒክ ኮሚቴ ማስጠራት እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። ከገፊዎቹ አንዱ በረዶው ቀልጦ እንደሆነ ለማየት የሣጥኑን ክዳን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካው!» አለች ሐኪሟ። ሄዳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠችበት። ዙሪያዋን የቆምነውን ወንዶች አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መጋዘኑ በር አዞረች።

«አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን ሊሉ ነበር?»

ሽማግሌው የያዙትን መዝሙር እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፤ ተነሡ።

«እኔማ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? ሰኔ ላይ ሲያስገቡት አይጥ እንዳይገባበት አፉን መርጌው ነበር። እናንተ ነቅላችሁት ይሆናል ብዬ ነው።»

«የትኛውን አፉን?»

«ይሄን የኋላውን ነዋ።»

በዘንጋቸው የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ጫፍ ኳ ኳ አደረጉት። ጭቃ ብለን ያለፍነው እበት ነው፤ በጤፍ ገለባ ተለውሶ፣ ተለስልሶ፣ ልክ የጎታ አፍ እንደሚመረግ ተመርጓል። ሹፌሩ በካቻቢቴ ሲፈለፍለው ከውስጥ ደግሞ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ወጣ። ሥራው የሚነቀፍ አልነበረም። ገብስ ቢሆን ኖሮ እስከ ፋሲካ አይነቅዝም።

«እንዴ አባባ! ማርሚታ እንዲህ ይመረጋል?» አለ ሹፌሩ።

«አይጥ ገባበት?»

«ገባ እንጂ! ገለባውን አላዩትም?»

«በፊት ነው የገባ። በኔ በኩል አልገባም።» ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ደግሞስ ይሄ ነገር ሲነሳ ግቢው በጭስ አልነበር የሚታጠን? ዛሬ አንድ ክር ጭስ አያችሁ? ጭስ በሌለበት አራት ሰዓት ሙሉ ምን ነበር ስትፈልጉ?»

እኔ ደብተሬን ኪሴ ከተትኩ። ሃያ ዓመት ሰው ጠይቄ ነው እንጀራ የበላሁ፤ ያን ዕለት ግን ጠዋቱን ሙሉ ከጎናችን የተቀመጡትን አንድ ምስክር ትቼ ካንዴላ ስጠይቅ አረፈድኩ።

ሐኪሟ አንዴ ረገጠች። ሞተሩ ጮኸ፣ ሰማያዊው ጭስ ግቢውን ሞላው። ኃላፊው እያሳለ «አላልኩም? ጉልበት ነው» አለ። የረገጠችው እሷ መሆኗን ማንም ሊያስታውሰው አልደፈረም።

ወርደን ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ግማሹ ሰው ከብቱን ውኃ ሊያጠጣ ነድቶ ሄዷል። ሐኪሟ ላለፈው አላዘነችም፤ መርፌዋን አዘጋጅታ የቀሩትን መከተብ ጀመረች። ሊቀመንበሩ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሄዱትን ተጣራ፤ ጥቂቶቹ ተመለሱ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሣጥኑን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየች፣ ከዚያ መርፌውን አስቀመጠች።

በዚህ መሐል አንድ ገበሬ ሁለት በሬ እየነዳ ደረሰ። ከመንገድ ነው የተመለሰው፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«እነዚህስ?»

«መድኃኒቱ ሞቋል፣ ጋሼ። አይሰጥም።»

«ሞቀ እንጂ አልፈሰሰ። ስጭው በሞቴ።»

«ብሰጥዎ ውኃ ነው። ተከትበዋል ብለው ይዘናጋሉ። ከነገ ወዲያ ሌላ ይዤ እመጣለሁ።»

ሰውየው ሞተሩን አየው። «በዚሁ?»

«በእግሬ» አለች።

በእግሯም መጣች። ማለዳ ተነሥታ፣ ሣጥኑን በበቅሎ አስጭና። ለሊቀመንበሩ ስልክ ደውዬ አረጋግጫለሁ። የኃላፊውን ሪፖርትም አንብቤአለሁ፤ ዘመቻው በታቀደው መሠረት ተከናውኗል ይላል፤ የገለባው ፎቶ ተያይዟል። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተከትቧል። ሌላው ሐኪሟ ከመድረሷ ከአንድ ቀን በፊት ሞቷል።

ክትባቱ ለመሥራት ቀናት ስለሚፈልግ፣ ያን ዕለት ቢከተብም በሬው ላይተርፍ ይችል እንደነበር ሐኪሟ ነግራኛለች። ትክክል ናት። ይህንኑ ለገበሬው በስልክ ነገርኩት።

«ሊተርፍም ይችል ነበራ» አለኝ።