በአይሱዙ ልክ የተሠሩ ጀልባዎች

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ መጥታ በሬን አንኳኳች። የአባቴን ጀልባዎች ታሪክ እያጠናች ነው። የመጀመሪያው ምን ይመስል ነበር፣ ቀጥሎ ምን ተለወጠ፣ ለምንስ እየጠበበ መጣ እያለች ጠየቀችኝ። ሐይቅ በሌለበት ከተማ ጀልባ የሚሠራ ሰው መኖሩ ገርሟታል። እኔን ግን የያዘኝ «ለምን ጠበበ» የሚለው ጥያቄዋ ነው።

አባዬ አናጢ ነበር። የዋንዛ ጣውላ ያገጣጥማል፣ ክፍተቱን በእንሰት ቃጫ ይወትፋል፣ ሬንጅ ይቀባል። ከዚያ ጀልባውን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ውሃ ይሞላውና ተንበርክኮ ከሥሩ ያያል። ካላንጠባጠበ አለቀ፤ ወደ ዝዋይ ይጫናል። ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ግን አይቶት አያውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ ውሃ ይፈራ ነበር።

ጎረምሳ ሳለሁ አንድ የአካባቢያችን የመስቃን ልጅ ዝዋይ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ጀልባው ተገልብጦበት ሞተ። ጀልባው የአባዬ ሥራ ነው ተባለ። የሟች አባት ሽማግሌ ላከብን።

«የኔ አይደለም ብለህ ማልና ነገሩ ይብቃ» አሉት ሽማግሌዎቹ።

አባዬ ጴንጤ ነው፤ አይምልም። አልምልም ያለ ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። የባሰው ነገር፣ እሱ ራሱም እርግጠኛ አልነበረም፤ ሥራውን አስመስለው የሚሠሩ ሌሎች አናጢዎች ነበሩ።

«ሂድና እየው። ያየኸውን እንዳለ ንገረኝ፤ እንዳታለሳልስልኝ» ብሎ ላከኝ።

ኅዳር ነበር። በርበሬው በየደጁ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ የመኪናው መስኮት ተዘግቶ እንኳ ያስነጥሳል። ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎቹን እየዞሩ አሳዩኝ። የድሮዎቹ ሰፋፊ፣ ሆዳቸውም ዝርግ ነው። ከዚያ እየጠበቡ ይመጣሉ። የተገለበጠው ከሁሉም ይጠባል። ጥፍሬን በጣውላዎቹ መሐል ሰደድኩ፤ የእንሰት ቃጫ ይዞ ወጣ። ሌሎቹ አናጢዎች የሚወትፉት የጆንያ ቁራጭ ነው። ሽማግሌው የዓሣ ጥብስ ጋበዙኝ።

«እነዚህ ጠባቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት፤ አይሱዙ ላይ ጎን ለጎን» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። አባዬ ጀልባውን ያጠበበው ሁለቱ በአንድ ጭነት እንዲሄዱለት ነው። ልኩን የወሰደው ከመኪናው እንጂ ከሐይቁ አይደለም።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና «የእኔ ሥራ ነው። እንዳያፈስ እንጂ እንዳይገለበጥ አላሰብኩም» አለ። ስለ አይሱዙውም አልደበቀም።

የሟች አባት ያቀረቀረውን ራሱን ቀና አደረገ። «አብሮት የተጫነውስ አሁን የት ነው?» አለ።

የሚያውቅ አልነበረም። እርቅ ወረደ፤ ከዚያ ሁለቱ አባቶች አብረው ሊፈልጉት ሄዱ። ውሃ የሚፈራው አባዬ እስከ ሐይቁ ደሴቶች ድረስ በጀልባ ተሳፈረ። ገዢው ሸጦታል፣ የገዛውም ለሌላ ሸጦታል። አላገኙትም። አባዬ ዳግም ጀልባ አልሠራም፤ እስኪሞት ድረስ ግን ከዝዋይ የመጣውን ሰው ሁሉ ስለዚያ ጀልባ ይጠይቅ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ እንኳ ቢገኝ እኮ ሙዚየም ይገባ ነበር» አለችኝ ተማሪዋ።

«ጠባቡን ካገኘሽ መጀመሪያ ሰው እንዳይሳፈርበት ንገሪያቸው» አልኳት። ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

ዋንዛ ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ላይ እንደማይቆይ ጠፍቶኝ አይደለም። ሆኖም ዛሬም ዝዋይ ላይ ሰው ሰጠመ ሲሉኝ፣ ከሟቹ ስም በፊት የጀልባውን ስፋት ነው የምጠይቀው።