የጋሽ በቀለ ታሪክና የስልኬ ሰዓት ቆጣሪ

የስልኬ ሰዓት ቆጣሪ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ከሥራው የተሰናበተ መሆኑን ለወዳጆቼ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። የቦሌ ሚካኤሉ ልብስ ሰፊ፣ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ትናንት ዐረፉ። ልጃቸው ማርታ "አንተ ፌስቡክ ላይ ስትጽፍ አይደል የምትውለው? ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጻፍልን" አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ሞላሁ፦ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ እረፍት። ሥራ መጀመር ለሚከብደው ሰው ፍቱን ነው ተብዬ።

የመጀመሪያው ሃያ አምስት ደቂቃ የደወሉን ድምፅ ስመርጥ አለቀ። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓት ቆጣሪው እንዴት እንደለወጠኝ እዚሁ ገጽ ላይ ስለጥፍ። እረፍቶቹን ግን አንዷንም አላዛነፍኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቀብሩ ቦታ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ወረቀቴን ተቀብለው፣ ጋሽ በቀለ የት እንደተወለዱና ስንት ልጆች እንዳፈሩ አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

"የቀረውን... እናንተው ታውቁታላችሁ" አሉ።

ማርታ ወደ እኔ ዞር ብላ በቀስታ፣ "አባዬ ይሄን ብቻ ነው የኖረው?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

ማስተካከያ፦ ዛሬ ጠዋት በዚህ ገጽ "ዛሬ ነገ ማለትን ድል ነሥቻለሁ" በሚል የወጣው መግለጫ ተሽሯል። በቀብሩ ላይ የተነበበው ታሪክም፣ "ጋሽ በቀለ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ደንበኛ 'ነገ ና' ብለው መልሰው አያውቁም" የሚለው ተጨምሮበት ይነበብ።