ዳዳ የተባሉትን ሁሉ ሲፈልጉ

በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በምትገኘው ካትሌሆንግ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጡ የነበሩት ጋሽ ንጉሤ በዳሳ ዳዳ፣ በሁለተኛው የወረርሽኝ ማዕበል ታመው ሆስፒታል በገቡ በዘጠነኛው ቀን ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው በጆሃንስበርግ፣ በጀርሚስተንና በአዲስ አበባ ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በጋዜጠኝነት በኖርኩባቸው ዓመታት ያላጣራሁትን ጽፌ አላውቅም። ስለ እርሳቸው ግን አጣርቼም ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

ጋሽ ንጉሤ አዲስ አበባ ሳሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እዚህም ሱቃቸው ውስጥ ተራ ደረሰኝ እንኳ በቀኑና በቁጥሩ ይቀመጥ ነበር። «ፋይል የሚጠፋው ቦታው ሲቀየር ነው፤ ሰውም እንዲሁ» ይሉ ነበር። የጥገኝነት ወረቀት ለማውጣት ለሚሄድ አዲስ መጪ ሁሉ ቅጹን የሚሞሉለት እርሳቸው ነበሩ። የአባቱን ስም አጉረምርሞ ለሚያልፍ ሰው «ያባትህ ስም እኮ ነው፤ ቀና ብለህ ጥራው!» ይሉታል።

በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ዳዳ የጋሽ ንጉሤ አያት ናቸው፤ ወረቀት የሰጣቸው ቢሮ የመጨረሻውን ስም ወስዶ የቤተሰብ ስም አደረገው። የንግድ ፈቃዳቸው በዚሁ ስም ወጥቶ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቀን ለዘገባ እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሰፈሩ ጎጎ፣ ማለትም አያት፣ እያለ የሚጠራቸው አሮጊት ኖምሳ ብርድ ልብስ ሊገዙ ገብተው አነበቡት።

«ዳዳ ነህ?» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «እኛም ዳዳ ነን። ታዲያ እስከ ዛሬ የት ከርመህ ነው?»

«እማማ፣ ዳዳ የአያቴ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም።»

«አያትህ ከሆነማ ምን ቀረ!» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በጎጎ ቤት የሚወራ ነገር ነበር። የባለቤታቸው አያት ለወርቅ ማዕድን ሥራ የመጡት «ከሩቅ ሰሜን» ነው ይባላል፤ ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ንጉሤ ነገሩን በሰነድ ሊለዩላቸው ወስነው፣ በየማክሰኞው ሱቃቸውን እየዘጉ ፕሪቶሪያ ወዳለው የመዛግብት ቤት መሄድ ጀመሩ። ዳዳ የሚል ስም ያለበትን የድሮ የሞት መግለጫና የማዕድን ሠራተኞች መዝገብ እያስወጡ፣ የእያንዳንዱን ሰው የትውልድ ቦታ፣ ወላጆችና ልጆች በደብተር ገለበጡ። አንዴ አብሬያቸው ሄጄ ያንኑ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነቡ አየኋቸው። «መዝገብ አይዋሽም፤ ጸሐፊው ግን ይደክመዋል» አሉኝ።

የእንቅስቃሴ እገዳው ሲመጣ የመዛግብት ቤቱም ሱቁም ተዘጋ። ጋሽ ንጉሤ በዚያ ሰሞን የበቆሎ ዱቄት በጎጎ በር ላይ አስቀምጠው፣ ከአጥር ውጭ ቆመው «ሳኡቦና!» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ይመለሱ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት ብዙ ሰው እንዲገባ አይፈቀድም ነበር። በር ላይ ዝርዝር የያዘው የዕድራችን ሰው ጎጎን «ዘመድ ነዎት ወይስ ወዳጅ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ዳዳ ነኝ።»

የሟቹን ወረቀት አየ፤ ዳዳ ይላል። አስገባቸው።

በማግስቱ የጋሽ ንጉሤ ታላቅ እህት ወይዘሮ የሺ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «ወንድሜን ማን ቀበረው? ዘመድ አጠገቡ ነበር?» አሉ። ጎጎ «ዳዳ ነኝ» ብለው እንደገቡ ነገርኳቸው።

«ዳዳማ የእኛ አያት ናቸው፤ ከሰላሌ ወጥተው አያውቁም! አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? አጣርተህ ንገረኝ። ወንድሜ እንደ ባይተዋር ተቀብሮ ከሆነ ልወቀው።»

ሱቃቸው ሄጄ የፕሪቶሪያውን ደብተር ከፈትኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የጎጎ ባለቤት አያት የሞት መግለጫ ተገልብጧል። የተወለዱት እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ምሥራቅ ኬፕ ነው። ከሥሩ በጋሽ ንጉሤ እጅ «ዝምድና የለም» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑ ወረርሽኙ ከመግባቱ አንድ ዓመት ይቀድማል። ከዚያ ገጽ በኋላ ግን ሌላ አርባ ገጽ የማክሰኞ ሥራ አለ። መልሱን ካገኙ በኋላ ምን ይፈልጉ ነበር? ሁሉንም አነበብኩ፤ አልገባኝም።

በሳምንቱ ጭምብሌን አጥልቄ ጎጎ ዘንድ ሄድኩ።

«ዝምድና እንደሌለ ነግረዎት ነበር?»

«ያገኘው ዕለት ነገረኝ። እየፈራ ነበር ያነበበልኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እሑድ ምሳ እንዳትቀር አልኩት።»

«ታዲያ ጋሽ ንጉሤ ፕሪቶሪያ መሄዱን ለምን ቀጠሉ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ገና አላለቀም› አለኝ። ምኑ እንደሆነ እንጃ።»

እዚያው ግቢ ቆሜ ለወይዘሮ የሺ በምስል ደወልኩ። የደም ዝምድና እንደሌለ፣ ወንድማቸውም ጎጎም ይህን ያውቁ እንደነበር ነገርኳቸው።  «እንግዲያ ዘመድ አልቀበረውም» አሉ።

ጎጎ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። የራስ ሻሻቸውን ፈቱ። ተላጭተዋል። ከኋላቸው በር ላይ የቆሙት ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ልጆቻቸውም ተላጭተዋል። «በእኛ ቤት ዳዳ ሲሞት እንዲህ ነው» አሉ።

ይህን ገና ሳልተረጉም ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ። እርሳቸውም ለወንድማቸው ተላጭተዋል። «ለጎረቤት ጠጉሩን የሚላጭ ማን አለ?» አሉኝ እያለቀሱ። «ይህችን ሴት ምን ብዬ ልጥራት?»



ጋሽ ንጉሤ፣ አርባውን ገጽ እንደገና አነበብኩት፤ በየማክሰኞው ምን ይፈልጉ እንደነበር አሁንም አላወቅኩም። ዕድሩ በሚይዘው የሐዘንተኞችዎ ዝርዝር ላይ ከእህትዎ ስም ቀጥዬ ኖምሳ ዳዳ ብዬ ጽፌያለሁ። ዘጠነኛውን ገጽ አልሰረዝኩም፤ የተላጩትንም በዓይኔ አይቻለሁ። ከስማቸው ትይዩ «ዝምድና» የሚለውን መስመር ግን ባዶውን ተውኩት። ሁለት ቤት አልቅሶልዎታል፣ በሰላም ያርፉ። እርስዎ ቢሆኑ ግን ምን ይጽፉበት ነበር?