አፋፍ ላይ የተተከሉት ችካሎች

ዛሬ ጠዋት በገዛ ጉልበቴ ስደነቅ ነበር። ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ከሚያየው አፋፍ ላይ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል አየሁ። የበጌ ማሰሪያ ችካል በስብሶ ስለነበር፣ «ይህን ደግሞ የትኛው ዝንጉ ጥሎት ሄደ?» አልሁና በሁለት እጄ ታግዬ ነቀልሁት። ሲነቀልልኝ እንደ ጎረምሳ ደረቴን ነፋሁ። አራት እርምጃ ያህል ወደ ታች ወስጄ፣ ሳሩ ካማረበት በድንጋይ ቀጥቅጬ ተከልሁትና በጓን አሰርሁበት።

ዝንጉውስ እኔው ነበርሁ። ችካሉ የአጥኚዋ ነው። የደባርቅ ከተማ መስፋፋት፣ የሊማሊሞ መንገድና የመሬቱ አቀማመጥ እንዴት እንደሚስማሙ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ናት። መሬቱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማወቅ ጥቅምት ላይ ሦስት ችካል ስትተክል፣ ቆሜ «ጠበቅ አድርጊው ልጄ» እያልሁ የመከርኋት እኔ ነኝ።

ረፋዱ ላይ ሜትሯን ይዛ መጣች። ከታች ያለው ጎረቤቴም ሰላም ሊለን ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ልጅቱ ከቋጥኙ እስከ ችካሉ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባባ፣ መሬቱ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ወርዷል?»

«መሬቱስ አልወረደም፤ የወረደችው በጌ ናት» አልሁና ጥፋቴን ተናዘዝሁ።

ጎረቤቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እርስዎ ባሉበት አገር ተራራም በበግ ይጎተታል» አለኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። «እስቲ የቀሩትን ልያቸው» አለች።

የቀሩት ሁለቱ በጌ ከማትደርስበት፣ ከጎረቤቴ ቤት ጀርባ ናቸው። አንደኛው ስንዝር ያህል ወርዷል። ሁለተኛው ከስንዝርም አልፏል። ልጅቱ ሳሩን በእጇ ገለጥ አደረገች፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ዱላዬን ሰደድሁበት። እስከ መያዣው ዋጠው፣ ወለሉን ግን አላገኘም። ስስበው ጫፉ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ዝናብ ካየን ሳምንት አልፎናል።

«ውሃው ከየት መጣ?» አልኋት።

ወደ ከተማው አመለከተች። «አዲሱ ሰፈር ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሆነ፤ መሬቱ ውሃ አይጠጣም። የጎርፉን ቦይ እስከ አፋፉ ቆፈሩና እዚያው ተውት። ከታች ደግሞ መንገዱ የተራራውን እግር ቆርጦታል።»

«እንግዲያው በጓ እዚህም ደርሳለች» አለ ጎረቤቴ።

«ይህ ቀልድ አይደለም» አልሁት።

«እርስዎ? ቁም ነገር?»

አልፈርድበትም። አንድ ጊዜ «ጭላዳ በወንጭፍ መትተሃል ተብለህ በፓርኩ ጠባቂዎች ትፈለጋለህ» ብዬ ግማሽ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ያስተኛሁት ሰው ነው። ዛሬ ቤቱ ሊሄድበት ሲል እውነት ብነግረው በምን ይመነኝ? ይህን ያህል ዘመን ያጠራቀምሁት ውሸት ቆሞ ያየኛል። «ማርያምን» ብዬ ማልሁለት፤ እሱ ግን «የጭላዳውም ጊዜ ምለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ያዳነኝ የሚስቱ ቃል ነው። ከደጃፉ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ፣ «በሩስ?» አለችው። «ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ጊዜ በፋስ ጠረብኸው። እርጥበት ነው አልኸኝ። ዛሬም አልዘጋ ብሎኛል።»

ሄደን አየነው። መቃኑ ዘሟል፤ ከላይ በኩል ጡጫዬ በክፍተቱ ገባ። ጎረቤቴ የራሱን ጥርብ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ነፋስ እንኳ ሳይነካቸው ጥቂት ጠጠሮች ከአፋፉ ተንሸራተው ወደ መንገዱ ወረዱ። ከታች ወደ ዛሪማ የሚሄድ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ጥሩንባ ነፋ። ሾፌሩ ቀና ብሎ ቢያየን፣ አራት ሰው አንድ በር ከቦ ሲያይ ምን ይል ነበር?

«ክረምቱን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ውጡ» አለች ልጅቱ። ለከተማው ሰዎች ልትነግር ወደ ላይ ሄደች።

ከቀትር በኋላ የጎረቤቴ ከብቶች እኔ በረት ገቡ፣ ሚስቱም ዕቃዋን እኔ ቤት አስገባች። የቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ግን እዚያው ቀረ። ጎረቤቴ ትቶት አይሄድም፤ ለብቻው ደግሞ አያወርደውም።

«ሐምሌ ላይ ገብስዎን ሳርምልዎ ዋልሁ» አለኝ፣ ወደ ጣራው እያየ። «ወንፈሉን አልመለሱልኝም።»

ወንፈል ማለት የዋለልህን ቀን መዋል ነው፤ በሌላ አይከፈልም። በጠየቀኝ ቁጥር ወገቤን እይዛለሁ። ጠዋት ያን ችካል የነቀለ ወገብ መሆኑን ዛሬ ከራሴ አፍ ሰምቷል፤ ምን ይዋጠኝ?

«ነገ በማለዳ» አልሁት።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ከዛሪማ በኩል ግን ጥቁር ደመና ገደሉን ይዞ ወደ እኛ እየወጣ ነው። እሱ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ደመናውን ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ። ያንን አንድ ቀን እስካሁን አልመለስሁለትም።