የፍሪጃችን ረግረግ

ያን ጊዜ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው፤ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸት ጭቃ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። የአፈር ትምህርት ማስተርሴን እየሠራሁ ስለነበር የፍሪጃችን ታችኛው መደርደሪያ የኔ ነው፣ ላይኛው የእናቴ። ከላይ ጎመንና ጸበል፣ ከታች ረግረግ። «የሰው ልጅ ቁም ነገር ይዞ ይገባል፣ የኔዋ ጭቃ» ትለኝ ነበር። ዛሬ እሷም የለችም፤ ያ ፍሪጅ ግን እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

ረግረጉ ያለው ቨርጂኒያ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል፣ ዙሪያውን ሣር ብቻ የሆነ ሜዳ። የሚያጠጣው ዝናብ አይደለም፤ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ምንጭ ነው። ውኃው ካልሲየም ተሸክሞ ይመጣና አየር ሲያገኝ ኖራውን እዚያው ይጥለዋል። ስለዚህ ከጥቁሩ አፈር መሀል ለስላሳ ነጭ ጭቃ ተነጥፎ ታገኛላችሁ። ተክል የሚያሳድገውን ፎስፎረስ ኖራው አንቆ ስለሚይዘው ግዙፍ ተክል እዚያ አይበረክትም፤ በትንሽ መኖር የለመዱ ቀጫጭን ሣሮችና ደቃቅ አበቦች ናቸው የሰፈሩበት። ስረግጠው መሬቱ ከእግሬ ሥር ይርገበገባል። እዚያ ስሆን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ውኃውን በየወሩ መቅዳት ነበረብኝ። አንድ ቅዳሜ የላቦራቶሪ ጠርሙስ አለቀብኝና በስድስት ሃይላንድ ሞላሁ፤ ነጩንም ጭቃ ደርቆ ዱቄት የሆነውን በላስቲክ ቋጠርኩ። እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ መች ዝም አልኩ፤ «ከአለት ሥር የሚፈልቅ ነው እማ፤ አገር ምድሩ በረዶ ሲሆን እንኳ እሱ አይረጋም» አልኳት። ይኸው ነው ያልኳት።

በዚያ ሰሞን ለኛ ቅርብ በሆነችው በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአልጋ አልወርድ ብለው ነበር። ሐኪሙ ምንም ሕመም የለባቸውም አለ። አይበሉም፣ መጋረጃ አይከፍቱም። እናቴ ሌላ እህት የላትም። «ተከትላው ልትሄድብኝ ነው» እያለች ኪችን ውስጥ ታለቅሳለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳምፕሎቼን ላቦራቶሪ ልወስድ ፍሪጁን ከፍቼ ዝቅ ብል መደርደሪያዬ ባዶ ነው። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ ደወልኩላት።

«ለአክስትሽ ወስጄላታለሁ» አለች፣ ምንም ሳይመስላት። «ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ ትጠጣዋለች፤ እምነቱንም ትቀባዋለች።»

እምነት ያለችው ነጩን ዱቄቴን ነው፤ ከጸበል ቦታ መጥቶ ግንባር ላይ የሚቀባው አፈር መስሏት። ለካ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሁለት ባቡርና አንድ ባስ እየቀያየረች ውኃዬን በብልቃጥ ስታመላልስ ከርማለች። ደሜ ፈላ። በስልክ የተናገርኳትን ዛሬ ማንሳት ያሳፍረኛል። ያ ወር በመመረቂያ ጽሑፌ፣ በቴሲሴ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ እስካሁን ባዶ ነው።

መኪናዬን አስነስቼ በቀለበት መንገዱ፣ በቤልትዌይ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፤ የተረፈች ጠብታ ካለች ለማስመለስ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ አክስቴ ራሳቸው ናቸው። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ መጋረጃው ተከፍቷል፣ ግንባራቸው ላይ የኔ ቴሲስ ተቀብቷል። የተለማመድኩትን ቁጣ ተውኩት። ግን እሳቸው ያልተጣራ የረግረግ ውኃ እየጠጡ እኔ ዝም ማለትም አልቻልኩም።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ጸበል አይደለም። ለትምህርቴ ከረግረግ የቀዳሁት ነው።»

ሶፋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«መች አጣሁት ልጄ፤ ኖራ ኖራ ይላል። የመጀመሪያ ቀን ገና ምላሴ ላይ ሳደርገው ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ይጠጡታል?»

«ማን ጠጣው? እናትሽ ስትሄድ ሲንክ ውስጥ እደፋዋለሁ።»

ሰዓታቸውን አዩ፤ እናቴ ከሥራ ወጥታ የምትደርስበት ሰዓት ነበር።

«ልጅቷ በዚህ ብርድ ስንት ባቡር ቀያይራ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ ቀን ለይሉኝታ ብዬ ተነስቼ ቁጭ ብል ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ። ያንን አይቼ እንዴት ብዬ ተመልሼ ልተኛ?»

ደወሉ ተደወለ። አክስቴ ቆም ብለው በመስተዋቱ ግንባራቸውን አዩና፣ የለቀቀውን ከነጩ ዱቄት በጣታቸው ደርበው ቀብተው፣ ሊከፍቱላት ሄዱ።