ስለ ጋዲሴ አገጭ ዝም ያልሁበት ዓመት

ይህ የምጽፈው ነገር የደረሰው በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ ዓመታት መካከል፣ አንዳንድ ሽማግሌ አሁንም ሀገረ ሕይወት እያለ በሚጠራት በአምቦ ከተማ ነው። ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ነው፤ በአንዲት ሴት አገጭ ላይ ስለ በቀለ ፀጉር ነው። በዕድሜዬ የሠራኋቸውን ብዙ በደሎች ተናዝዤ ረስቻቸዋለሁ። ይህን ግን በደል ይሁን አይሁን እንኳ ሳልለይ፣ ይኸው እስከ እርጅናዬ ተሸክሜዋለሁ።

አባቴ ካህንና የንባብ መምህር ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እኔን ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩኝ፤ ንባብ አስጨረሱኝ፤ ዜማም በጥቂቱ አስጀመሩኝ። በእሳቸው ጉባኤ አንድ ተማሪ ሲያነብ ቢስት የሰማው ሁሉ ወዲያው ማረም ነበረበት። ሰምቶ ዝም ያለ ከሳተው እኩል ይቀጣ ነበር። ይህ ልማድ ካደግሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ዲያቆኑ በቅዳሴ ላይ አንዲት ቃል ቢያዛባ፣ በሴቶች መቆሚያ ሆኜ ከንፈሬ ሲያርመው ሰዎች አይተው ይስቁብኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የምትስቅብኝ ጋዲሴ ነበረች። ጋዲሴ ከአምቦ በስተ ምዕራብ ያለችው የእጃጂ ሰው ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳታገኝ ቀርታ፣ በአንድ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖር ነበር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ እሱንም በመካከሉ ቀድደነው ስለ ነበር አጥር ነው ለማለት አይቻልም። «ኢንተላ ሉባ» ትለኛለች፤ የካህን ልጅ ማለቷ ነው። ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ «ኢንተላ ሉባ፣ ዛሬ የማንን ስሕተት ልታርሚ ነው?» ካላለችኝ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር።

ጋዲሴ በአንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን የዓይን ሕመም የበዛ ነበር። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን እየወጋ ሰውን እንቅልፍ ይነሣዋል። ያን ፀጉር በመንቀል የጋዲሴ እጅ የታወቀ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶች ደጇ ላይ ተራ ይይዛሉ። የአንዷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ «አትንቀጥቀጪ፤ ዓይንሽን እንጂ ባልሽን አልወስድብሽም!» እያለች ትነቅላለች። የራሷን ደግሞ በበሩ መቃን ላይ በሰቀለቻት መስተዋት እያየች ትነቅል ነበር። ሕመሙ በእሷም ላይ ነበረና።

በአገጯ ላይ ያለውን ፀጉር መጀመሪያ ያየሁት ክረምቱ ሲወጣ፣ ልብስ ስናሰጣ ነው። ሦስት ነበሩ፤ ጥቁርና ወፍራም፣ ጫፋቸው መጠምዘዝ የጀመረ። ጋዲሴ ነጠላዋ ሳይታጠብ፣ ራሷ ሳይሠራ ከቤት የማትወጣ ሴት ስለ ነበረች፣ ነገ በመስተዋቷ አይታ ትነቅለዋለች ብዬ አለፍሁት። ሳምንት አለፈ፤ ወር ተከተለ። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጋመስ፣ ሦስቱ አሥር ሆነው በመንጋጋዋም ላይ ወረዱ። ጢም ከማለት በቀር ሌላ ስም አልነበረውም።

መጀመሪያ የያዘኝ ኀፍረት ብቻ ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ከጥቂት ወራት ጀምሮ ጋዲሴ መርፌና ክር ይዛ ትመጣና፣ «እጄ ዘይት ነክቶታል፤ አስገቢልኝማ» ትለኝ ነበር። የወንድሟ ደብዳቤ ሲመጣም፣ «ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ አንቺ አንብቢው» ትላለች። እሑድ እሑድም ሴቶቹን፣ «የወረንጦዬ አፍ ተበላሽቷል» እያለች መመለስ ጀምራ ነበር። ወረንጦው ደኅና ነበር። የጠፋው የጋዲሴ ዓይን ነበር።

እንግዲህ ስለ ፀጉሩ መንገር፣ «ዓይንሽ እንደ ጠፋ ዐውቄብሻለሁ» ማለት ሆነብኝ። የሰፊዎቹ ማኅበር ይህን ቢሰማ አንዲት ቀን አያቆያትም። እሷ የምትሰፋው በጣቷ እየዳሰሰች፣ በልማድ ነበርና። ባልነግራት ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ያ ሁሉ የገበያ ወሬኛ እየተጠቃቀሰባት፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። በየጠዋቱ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ስትል፣ «ዛሬስ» እያልሁ አፌን እከፍትና፣ «እንደምን አደርሽ» ብዬ እዘጋው ነበር።

ምክር ፍለጋ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ስም ሳልጠራ፣ አንዲት ባልንጀራዬ በአገጯ ላይ ፀጉር እንዳበቀለችና እንዳላየችው ገልጬ፣ መንገር ይገባኝ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። የዓይኗን ነገር አላነሣሁም። መነኩሴ ናቸው፤ ከገዳም ከወጡ ጀምሮ የሴት ፊት ቀና ብለው አይተው የማያውቁ፣ ሲያናግሩን ዓይናቸውን ከመሬት የማያነሡ። ጥቂት አሰቡና፣ «መልካም ጥያቄ ነው፤ ለሁላችሁም ይጠቅማል» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው ያን ጊዜ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ከእኛ ጥያቄ እየተነሡ ማስተማር ልማዳቸው እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። እኔ ግን መልሱን ብቻ እየጠበቅሁ ወጣሁ።

በወሩ በሃያ አንደኛው ቀን የእመቤታችን ጽዋ ማኅበራችን ተራ የጋዲሴ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጋዲሴ ጠላ እየቀዳች ሳለ፣ አባታችን ዓይናቸውን በምንጣፉ ላይ ተክለው ጀመሩ።

«አንዲት ልጄ መጥታ ጠየቀችኝ። ባልንጀራዋ በአገጯ ላይ ፀጉር አብቅላለች፤ አላወቀችም። ንገሪያት ልበላት ወይስ ዝም በያት? እናንተ ምን ትላላችሁ?»

እሳቸው በሙሉ ቅንነት ነበር የሚናገሩት። ፊት ለፊታቸው ቆማ ጽዋቸውን የምትሞላው ሴት እሷ ራሷ እንደ ሆነች በምን ይወቁ? ስምንታችን ግን እናውቃለን። ስምንታችንም ጋዲሴን አየን፤ ወዲያውም ዓይናችንን ሰበርን።

ጋዲሴ ሳቀች። «አባ፣ ይህማ ምን ያጠያይቃል? ይንገሯት እንጂ! ባልንጀራዋ አይታ ዝም ካለች፣ ያቺ ባልንጀራ ሳትሆን አላፊ አግዳሚ ናት። ነው አይደል፣ ኢንተላ ሉባ?»

አልመለስሁም። ማንም አልመለሰም። ከመካከላችን ዓይኗን በጋዲሴ እጅ ያዳነች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷ ዳቦዋን እየፈረፈረች አንገቷን ደፋች።

«ምነው ዝም አላችሁ? ጠላው ቀጠነ?» አለች ጋዲሴ አሁንም እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ቆመ። የግራ እጇ ወደ አገጯ ወጣ። ጣቶቿ መንጋጋዋን ተከትለው ከአንዱ ጆሮ ሥር እስከ ሌላው ሄዱ። ነጠላዋን ስባ እስከ አፍንጫዋ ተከናነበችና ወደ ቀጣዩ ጽዋ ዞራ መቅዳቷን ቀጠለች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

አባታችን ግን፣ «መልካም ተናገርሽ፣ ወለተ ማርያም» ብለው በክርስትና ስሟ አመሰገኗትና ስለ ፍቅር ብዙ አስተማሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ሁሉም ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ጋዲሴ ዕቃ ትሰበስባለች፤ እኔ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ ተናገረች።

«ጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«በእጄ ስዳስሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። ድንጋይ አይደለሁም። ለመንቀል ግን ዓይን ይጠይቃል። ከዓይን ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር፤ ብሌኑን ፀጉሩ ቧጦ ጠባሳ ሠርቶበታል፤ መድኃኒት የለውም አለኝ።» ዕቃውን አስቀመጠች። «ግን ትንሽ ነገር ነው ብዬ ነበር። ሰው የሚያየው ቢሆንማ ኢንተላ ሉባ ትነግረኝ ነበር እያልሁ። አንቺ የዲያቆን ስሕተት የማታልፊ ሴት! አንቺ ዝም ስላልሽ ተማምኜ በዚህ ፊት ገበያ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ።»

«ይቅር በይኝ» ብል ቃሉ ከነገሩ የሚያንስብኝ መሰለኝ። እሷም አልጠበቀችም። በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች፤ ወረንጦውን ከአንገቷ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችና አገጯን ቀና አደረገች።

የመጀመሪያውን ስነቅል ቆዳዋን ቆነጠጥሁት።

«አትንቀጥቀጪ» አለችኝ፤ «አገጬን እንጂ ባሌን አትወስጂብኝም።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እያለቀስሁ ነበር የምስቀው፤ እሷ ግን አላየችውም።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እነቅልላት ነበር። ብዙ አልቆየንም። ወሬው ከማኅበሩ ቤት ወጥቶ ይሁን ወይም የተጣመመ ስፌት ተገኝቶባት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሰፊዎቹ ማኅበር አሰናበቷት። ወንድሟ ኦቦ ቶላ መጥቶ ወደ እጃጂ ሊወስዳት ዕቃዋን ጫነ። ደግና ዝምተኛ ገበሬ ነው። አውቶቡሱ ዘንድ ስሸኛት ወረንጦውን ከአንገቷ ፈትታ በመዳፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ሌላ ሰው ፊቴን እንዲነካኝ አልፈልግም» አለች። «ስትመጪ ይዘሽው ትመጫለሽ።»

«በየወሩ እመጣለሁ» አልኋት።

ሦስት ጊዜ ሄድሁ። በየጊዜው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ነበረብኝ። ስደርስ በግቢው በር ላይ ድምፄን ትሰማና፣ ገና ሰላም ሳልላት ፊቷን ወደ ፀሐይ ቀና ታደርግልኝ ነበር። ከዚያ ክረምት ገባ። በመሥሪያ ቤት አለቃ ተለወጠና ፈቃድ ከለከለኝ፤ በሌላው ወር እኔ ታመምሁ፤ በሌላው ደግሞ መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ናቸው። አራት ወር ሆኑ።

በጳጉሜን አንድ ጠዋት ከእጃጂ የመጣ ሰው ጋዲሴ በወባ እንደ ሞተች ነገረኝ። ፈቃድም የይለፍ ወረቀትም ሳልጠይቅ ወጥቼ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ወረንጦውን በመዳፌ ጨብጬ ነበር። ምን ላደርግበት እንዳሰብሁ ለማንም ብናገር አእምሮዋን ሳተች ይባልብኝ ነበር።

ስደርስ ተገንዛ አልቃለች። ቃሬዛው ከግቢው እየወጣ ነበር። ካህናቱ ፍትሐቱን ያዜማሉ፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ያጠቧትና የገነዟት እዚያው ፊቴ ቆመዋል። «ለአንድ አፍታ ፍቱልኝ፤ አገጯን ልይ» ልበላቸው? አባቴ ካስተማሩኝ ቃል ሁሉ ለዚህ የሚሆን አንድም አልነበረም። ከቃሬዛው ኋላ ሄድሁ። አፈር ሲመለስባት መዳፌ ውስጥ የነበረው ብረት ግሎ ነበር።

በአርባ ቀኗ ተዝካር እንደገና ሄድሁ። የኦቦ ቶላ ሚስት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋዲሴን ያጠበቻት እሷ እንደ ነበረች ሰምቻለሁ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ። ፊቷ እንዴት ነበር? የነቀለላት ሰው ነበር? ሴትዮዋ የምለው እንዳለኝ ዐውቃ ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ምን ፈለጉ፣ እትዬ?» አለችኝ።

«ውኃ» አልሁ።

አሁን እኔ አሮጊት መነኩሲት ነኝ። ወረንጦው ከማተቤ ጋር በአንገቴ አለ። ዲያቆን ሲስት ከንፈሬ ዛሬም ይንቀሳቀሳል፤ ሲያርም የሰማው ግን የለም። ለጋዲሴ ጸሎት ሳደርስ፣ አምላክ ነፍሷን እንዲምር ከለመንሁ በኋላ፣ ሌላም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ በተገነዘችበት ቀን እጃጂ ላይ፣ አገጯን አይታ የነቀለችላት፣ ከእኔ የተሻለች አንዲት ሴት እንድትኖር። ያለፈ ነገር በጸሎት ይለወጥ እንደ ሆነ አባቴን ሳልጠይቃቸው ሞቱ። እኔ ግን እለምናለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም።