የድንኳኑ ቁልፍ

በጠዳ ከተማ መንገድ ሲጠረግም ውሃ ሲገባም ከፊት የሚገኘው አያ ክንዱ ነበር። የእድሩን ሕግ ያረቀቀው እሱ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘውም እሱ፤ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ድንኳን አያገኝም።

ጎረቤቱ ምንዳዬ የታመመ ልጇን ስታስታምም ሦስት ቀብር ቀረች። ልጁ ሲሞት አያ ክንዱ ደጅ ላይ ተደፍታ ድንኳኑን ለመነችው። «ለአንቺ ብዬ ሕግ አላፈርስም» አላት። ሰው ዝናብ እየደበደበው ለቅሶ ተቀመጠ። «ሸጋ ሰው፣ አያዳላም» ተባለለት።

ዘንድሮ ሚስቱ ይርገዱ ጎንደር ሆስፒታል አምስት ወር ተኛች። ከራስጌዋ ሳይለይ ሦስት ቀብር አለፈው። አስከሬኗ ቤት ሲገባ ዶፍ ይወርድ ነበር።

«አባዬ፣ ቁልፉ እኮ ኪስህ ውስጥ ነው» አለችው ልጁ እስከዳር።

«የምንዳዬ ልጅ ሲሞትም እዚሁ ኪሴ ውስጥ ነበር።»